ለከንቲባው የመጡ ሽማግሌዎች

ኩናፋው መታዘዝ አልነበረበትም። ሩብሒያ ከጠዋት ጀምራ ተናግራለች። "ሰዎቹ ለምን እንደሚመጡ ሳናውቅ ጣፋጭ ማዘዝ ምን የሚሉት ነው?" ብትል ማን ይስማት። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም አቡ ራኪን ከከረክ ከተማ ሁለት ሰፋፊ ትሪ ኩናፋ አስጭኖ፣ ግቢዋ ውስጥ ድንኳን አስተክሎ፣ ከጎረቤት ወንበር አስለቅሞ፣ በግ አሳርዶ፣ ፂሙን ተላጭቶ ጨርሷል።

"አንቺ ሩዝና ሥጋውን፣ ማንሳፉን አብስይ። የሽማግሌውን ነገር ለኔ ተይው" አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሼህ ሙጥለቅ ሰው ልከው "ዓርብ ከአስር ሶላት በኋላ ለደግ ነገር ወደ ሟቹ ማጂድ ቤት እንመጣለን" ብለዋል። ሼህ ሙጥለቅ ማለት ደም የተቃባን ሁሉ ሲያስታርቁ የኖሩ፣ ስማቸው ሲጠራ ሰው ቁጭ ካለበት የሚነሳላቸው ሽማግሌ ናቸው። ያላገባች ልጅ ባለችበት ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ትርጉሙ አንድ ነው። በዚያ ላይ የሼሁ የእህት ልጅ፣ መሐንዲሱ፣ የሩብሒያ ልጅ ዑላ በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሳል ሳይኖረው የሳል ሽሮፕ ሲገዛ ነው የከረመው። መንደሩ ሁሉ አይቷል። ዑላም ሰማያዊ ቀሚሷን ተኩሳ ለብሳ፣ ምንም እንዳልመሰላት ሰው ሰላጣ እየከተፈች፣ ዓይኗ ግን ከወጥ ቤቱ መስኮት አልነቀል ብሏል።

"እስቲ ደውልና ጠይቃቸው" አለች ሩብሒያ፣ ጀሚዱን ለብ ባለ ውሃ እያሸች። የደረቀው እርጎ እስኪሟሟ ክንዷ ዝሏል።

"ሼህ ሙጥለቅን? 'ምን ፈልገው ነው የሚመጡት' ልበላቸው? አንቺ ሴትዮ ልታዋርጂኝ ነው እንዴ? እንግዳ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።"

አቡ ራኪን ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ አስቦ ነው የሚሠራው። አቡ ራኪን ግን ከክብሩ በቀር ሌላ ነገር አስቦ አያውቅም። ወንድሙ ሲሞትና ሩብሒያ ወንድ ልጅ ሳይኖራት ስትቀር የቤቱ አፍ እኔ ነኝ ብሎ ተቀመጠ። ዘይት ሲያልቅባት ዘይት አላመጣም። ሰው ፊት መናገር ሲኖር ግን ይኸው አለ፣ ካባውን ደርቦ።

ሩብሒያ ሁለት ሴት ልጆች ነበሯት። ታናሿ ጁማና ትባል ነበር። ትምህርት ቤት የሞተች ልጅ ናት። በበሽታ አይደለም፣ በመኪናም አይደለም። የሴቶች ትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ገደል የሚደግፍ ግድግዳ ማዘጋጃ ቤቱ አሠራ፤ ከንቲባው ጋሊብ ሥራውን ለሚስቱ ወንድም ሰጠው፤ የሚስቱ ወንድም ደግሞ ብረቱን በላው። አዎ፣ በላው፤ ሌላ ምን ይባላል? ሲሚንቶውም ለስሙ ያህል ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ግድግዳው ሆዱን ነፍቷል ብላ ከንቲባው ቢሮ ድረስ ብትሄድ "አንቺ ሂሳብሽን አስተምሪ፣ ግንባታውን ለኛ ተይ" ብሎ ሸኛት። ይህን ያለው ማንም ሳያየው "ታይቶ ተረጋግጧል" ብሎ ከፈረመ በኋላ ነው። በክረምቱ ዝናብ ግድግዳው ተንዶ መጣ። ጁማና ከስሩ ተገኘች፤ ሌሎች ልጆች እጅና እግራቸው ተሰብሮ ወጡ።

ጋሊብ ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፣ ታሰረ። ወጣ። ይኸው ነው። የወጣ ቀን ደጋፊዎቹ ጥይት ተኩሰው ተቀበሉት፣ ከጦር ሜዳ እንደተመለሰ ሰው። ሩብሒያ ያን ቀን መስኮቷን ዘግታ ዋለች።

መኪኖቹ ከሶላት በኋላ ተከታትለው መጡ። ሽማግሌዎቹ በየተራ ገብተው ድንኳኑን ሞሉት። ሼህ ሙጥለቅ በከዘራቸው ተደግፈው መሐል ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው ክራቫት ያሰረ፣ ቦርሳ የያዘ ሰው ተቀመጠ። ዑላ ከመስኮቱ መሐንዲሱን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። "ምናልባት አፍሮ ይሆናል" አለች ጎረቤታቸው ኡሙ ሚሻል፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች። ኡሙ ሚሻል እልል ለማለት ከምሳ በፊት ጀምራ ነው ጉሮሮዋን ስትጠራርግ የቆየችው።

የአቡ ራኪን ልጅ ራኪን ለእንግዶቹ ቡና ቀዳ። መራራውን፣ ከስኒው ታች ጠብ የምትለውን ቡና ለሼሁ ሰጣቸው። ሼሁም ስኒውን ተቀብለው ሳይቀምሱ ፊታቸው አስቀመጡት። ሌሎቹም እንደ እሳቸው አደረጉ። እንዲህ ነው ደንቡ፤ ለጉዳይ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ እስኪባል ቡናውን አይጠጣም። እሺ ሲባል ባለቤቱ "ቡናችሁን ጠጡ" ይላል፤ ከጠጡ በኋላ ነገር የለም፣ አለቀ። ሽማግሌ ቡናውን ሳይጠጣ ከቤትህ ከወጣ ደግሞ ልጆችህ ሳይቀሩ ይሰደቡበታል። እና አንዳንድ ልታይ ልታይ ባይ አለ፤ ለጋስነቱ እንዲወራለት ጉዳዩን ሳይሰማ "ጠጡ" የሚል።

ሼህ ሙጥለቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አቡ ራኪን፣ አላህ ቤትህን ያሙቀው። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው፤ ከመጠጣታችን በፊት…"

አቡ ራኪን ብድግ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ድምፁን እስከ ጎረቤት ድረስ ለቀቀው።

"ሼህ ሙጥለቅ ወንድሜ ቤት መጥተው ጉዳያቸውን ሊነግሩኝ? ወላሂ አልሰማም። ቡናዎን ይጠጡ። የመጡበት ተፈጽሟል፤ የዓይናችን ብሌን ቢሆን እንኳ የእናንተ ነው።"

ሼሁ ትንሽ ዘገዩ። ቀና ብለው አዩት። "ሳትሰማ?"

"ሳልሰማ። ጠጡ።"

ጠጡ። ሁሉም ጠጡ። ኡሙ ሚሻል እልልታዋን ከወጥ ቤት ለቀቀችው፤ ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏት። ዑላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሩብሒያ እንኳ፣ ያን ሁሉ ስትጨነቅ የዋለችው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ልጇን ወደ ራሷ ሳበቻት።

ከዚያ ሼህ ሙጥለቅ ተናገሩ። እልልታው ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ ነበር የተናገሩት፤ የመጨረሻዋ ሴትዮ ድምፅ ስሙ ሲጠራ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

"አላህ ይስጥህ አቡ ራኪን። እንግዲህ የመጣነው ለጋሊብ ነው። ልጁ በሕግ ተቀጥቷል፣ አልፏል። ዘመዶቹ ለምክር ቤት እንዲወዳደር ፈልገዋል። ጠበቃው እንደነገረኝ የተፈረደበት ሰው ካልታረቀ አይወዳደርም፤ የሟች ቤተሰብ ታርቀናል፣ ተቃውሞ የለንም ብሎ ከፈረመ ግን ፍርድ ቤቱ ስሙን ያድስለታል። ምዝገባው እሁድ ይዘጋል። ይህን ለመለመን ነው የመጣነው፤ አንተም በጨዋነትህ ሳትሰማ ፈቀድክ።"

አቡ ራኪን እጁ ደረቱ ላይ እንዳለ ቀረ። አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ጋብቻ ነው ብዬ ነበር ቢል መሳቂያ ነው። ቃሌን መልሱልኝ ቢል ደግሞ ከመሳቂያም የባሰ ነው። ሰውየው ከክብሩና ከወንድሙ ልጅ ደም መምረጥ ነበረበት፤ የትኛውን እንደመረጠ ለመስማት ብዙ አልተጠበቀም።

"ቃል ቃል ነው" አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

ወጥ ቤት ውስጥ ሴቶቹ እርስ በርስ መተያየት አቃታቸው። ኡሙ ሚሻል በመዳፏ አፏን ያዘች። ጁማና ሞታ፣ ገዳይዋ ለወንበር እንዲበቃ በገዛ እናቷ ወጥ ቤት እልል ተባለለት። አይ ጉድ። ዑላ አንዲት ቃል ሳትናገር ወደ ውስጥ ገብታ ሰማያዊ ቀሚሷን አወለቀችና የመድኃኒት ቤቱን ነጭ ጋዋን ለብሳ ተመለሰች። ሩብሒያ ያን ስታይ ነው ደሟ የፈላው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተሰማት ነገር ሁሉ ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ጋሊብን ጥሩት ተባለ። እመኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር የሚጠብቀው፤ በዳይ እስኪፈቀድለት አይገባም። ነጭ ጀለቢያ፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ካባ፣ የተከረከመ ፂም። ዓይኑን በጨው አጥቦ ገባ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይሄኛው በሚያውቁት አገር፣ ከበላው ልጅ ቤት መጥቶ ነው አንጥፉልኝ ያለው። አቡ ራኪንን ግንባሩን ሳመው። ጠበቃው ከቦርሳው ወረቀት አወጣ፣ እስክሪብቶም ጨመረበት።

"የእናትየዋም ፊርማ ያስፈልጋል" አለ ጠበቃው። "የአጎትየው ብቻውን አይበቃም።"

"ትፈርማለች" አለ አቡ ራኪን። "ራኪን፣ ወረቀቱን ውሰድላት።"

"ራኪን አይድከም። እዚሁ ነኝ" አለች ሩብሒያ።

ሽርጧ ላይ ጀሚድ ፈስሶባት፣ እጅጌዋ እንደተሰበሰበ የድንኳኑ በር ላይ ቆማለች። ወንዶቹ ተንቀሳቀሱ። አንዳንዱ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

"ግቢ የወንድሜ ሚስት" አለ አቡ ራኪን በጥርሱ። "ወንዶች ናቸው የተቀመጡት።"

"አይቻለሁ። ወንዶች ባይኖሩ ኖሮ የኔን ልጅ ማን ያድልልኝ ነበር?"

"ተዋት" አሉ ሼህ ሙጥለቅ። "ቤቱ የእሷ ነው። ነይ የዑላ እናት፣ ተቀመጪ።"

"ቆሜ ይሻለኛል፣ ሼህ። እንግዳ ነዎት፤ ክፉ ቃል አይወጣኝም። ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ዛሬ ለደግ ነገር እንመጣለን ሲሉ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ያላገባች ልጅ እንዳለች ያውቁ ነበር?"

ሼሁ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "አውቅ ነበር።"

"እኛ ምን ብለን እንደምንጠብቅዎትስ?"

ሼሁ ወደ ጋሊብ አዩ። "ዘመዶቹ ነግረውኝ ነበር፤ 'ዝም ብለው ይሂዱ፣ አቡ ራኪን አይጠይቅም' ብለውኝ ነበር" አሉ። ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸው፤ እዚያ ጋ እንኳ አልዋሹም። ድንኳኑ ውስጥ ያሉ ሰዎች አቡ ራኪንን ላለማየት ሲሉ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አቡ ራኪን ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

"ይሁን" አለች ሩብሒያ። "ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ነው፤ አላነሳውም። አቡ ራኪን ይቅር ብሏል፤ ይቅርታው የራሱ ነው፣ ይውሰዱት። እኔም ብያለሁ።"

ማጉረምረም ተሰማ፤ ማሻአላህ ያለም ነበር። ጋሊብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

"ቆይ፣ አትቸኩል" አለችው። "ይቅር ያልኩህ እስር ቤት እያለህ ነው። ላንተ ብዬ አይደለም፤ እየረገምኩህ ሳድር ሶላቴ አልሞላ ብሎኝ ነው። ስለዚህ ይቅርታ ፈልጋችሁ ከሆነ ይሄን ሁሉ ነዳጅ ያቃጠላችሁት በከንቱ ነው፤ በስልክም ይነገራችሁ ነበር። አንተ ጠበቃው፣ ወረቀቱ ላይ የመጨረሻውን መስመር አንብብልኝ።"

ጠበቃው ሼሁን አየ። ሼሁ "አንብብላት" አሉት።

"…ከዚህ በኋላም ማንኛውንም ሕዝባዊ ኃላፊነት ቢይዝ ተቃውሞ የሌለን መሆኑን እናረጋግጣለን" ብሎ አነበበ።

"ይሄ ይቅርታ ነው እንዴ? ይሄማ አደራ ነው። ያኛውን እንካ ብያለሁ። ይሄኛውን ግን ማን ሰጠህ?"

ጋሊብ ከወንበሩ ተነሳ። መናገር ያውቅበታል፤ ያ መቼም አይካድም። "ኡሙ ዑላ" አለ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ልጅሽ ልጄ ነበረች። ከሰስሽኝ፣ ተፈረደብኝ፣ ታሰርኩ። እናቴ እኔ እስር ቤት ሆኜ ነው የሞተችው፤ አልቀበርኳትም። አንድ ሰው በአንድ ጥፋት ስንት ጊዜ ነው የሚቀጣው? ለዚህ መንደር መንገድ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሕዝቡ ካልፈለገኝ አይምረጠኝ፤ ከፈለገኝ ደግሞ ይምረጠኝ። ለሕዝቡ አንቺ ለምን ትወስኚለታለሽ?"

"እውነቱን ነው" አለ ከኋላ አንድ ሰው። ብዙ ራስ ተነቀነቀ።

ሩብሒያ ስለ እናቱ አታውቅም ነበር። የሰውየው ዓይን ውስጥ ያየችው ኀዘን የውሸት አልመሰላትም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ሰው ኀዘን ምን እንደሆነ እያወቀ እንዴት የሌላውን ኀዘን መወጣጫ ያደርጋል?

"እናትህን አላህ ይማራት" አለች በመጨረሻ። "እውነትህን ነው፣ ሕዝቡ ይምረጥ። እኔ ማን ነኝ? ታዲያ ሕዝቡ ጋ ከመሄድህ በፊት እኔ ጋ ምን ልታደርግ መጣህ? ጠበቃህ ለዳኛው ይሄን ወረቀት ሲያሳይ፣ አንተ ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ በየድንኳኑ እየዞርክ 'የልጅቷ እናት እንኳ ፈርማልኛለች፣ እናንተ ምን ሆናችሁ' ልትል አይደል? ጁማናን ለምርጫ ቅስቀሳ ልታወጣት ነው። በሕይወቷ ሳለች ከግድግዳ አላስጣልካትም፤ አሁን ሞታ ድምፅ ታምጣልህ?"

ጋሊብ ካባውን ሰበሰበ።

"ኑር" አለችው። "ማንም አልከለከለህም። ሱቅ ክፈት፣ በግ አርባ፣ ልጆችህን ዳር። ሠርግ ብትጠራኝ ራሴ ጀሚድ ይዤ እመጣለሁ። ግን ፈርሜ የሰው ልጅ በእጅህ ላስቀምጥ? እህ። ይሁን፣ እፈርማለሁ። በደንባችን እፈርማለሁ። ሼህ፣ እርቅ ሲወርድ ዋስ ይጠራል አይደል?"

ሼህ ሙጥለቅ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ከዚህ ቃል በኋላ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ከሁሉ ቀድመው የገባቸው እሳቸው ነበሩ። "ይጠራል" አሉ።

"ያለ ዋስ የወረደ እርቅስ?"

"ያለ ዋስ እርቅ የለም።"

"እንግዲያው ዋስ ይጥራ። አንድ ሰው ይበቃኛል። የሕዝብ ገንዘብ እንዳይነካ፣ ሥራ ለዘመዱ እንዳይሰጥ፣ ሳያይ እንዳይፈርም፣ ፊቱን የሚሰጥልኝ አንድ ሰው። ዋሱ ከተገኘ እስክሪብቶውን አምጡ።"

እዚህ አገር ፊት መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። ዋስ የሆንክለት ሰው ከከዳ የተበደለው ወደ እሱ አይሄድም፤ አንተ ቤት ነው የሚመጣው። ካልከፈልክ በስምህ ጥቁር ጨርቅ መንታ መንገድ ላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ በኋላ ልጅህን የሚያገባ፣ ሰላምታህን የሚመልስ የለም። ለዚህ ነው ሰው ገንዘቡን እየሰጠ ፊቱን የሚደብቀው።

ጋሊብ ሳቀ። በእርግጥም ቀላል መስሎት ነበር። "ይኸው ሰው" አለ፣ ድንኳኑን በእጁ እያሳየ። "ይሄ ሁሉ ለኔ ብሎ የመጣ ነው። እስቲ ወንድሜ፣ አንተ ቅደም።"

ወንድሙ ጃሲር ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔማ በደስታ… ግን ወንድም ለወንድም ዋስ አይሆንም፣ ደንቡ አይፈቅድም።" ደንቡ በእርግጥም አይፈቅድም፤ ሰውየው ግን እንዲህ ደንብ ሲያከብር መንደሩ ያን ቀን ነው ያየው።

"አቡ ዚያድ" አለ ጋሊብ። አቡ ዚያድ የሲሚንቶ ነጋዴ ነው፤ የቅስቀሳውን ድግስ ሁሉ እኔ እችላለሁ ያለ።

"እኔ ነጋዴ ሰው ነኝ" አለ አቡ ዚያድ። "ገንዘብ ከሆነ ችግር የለም፤ አሁኑኑ። ፊት ግን… የንግድ ሰው ፊት ምን ዋጋ አለው?" ለመቀለድ ሞከረ። የሳቀለት የለም።

ጡረታ የወጣው የትምህርት ቢሮ ኃላፊ ያልጮኸ ስልኩን አንስቶ "ሃሎ፣ ሃሎ" እያለ ወደ ውጭ ወጣ። ከኋላ "እውነቱን ነው" ያለው ሰውዬ የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ። ጋሊብ ወደ ጠበቃው ዞረ፤ ጠበቃው ሳይጠየቅ "እኔ ጠበቃ ነኝ" አለ፣ ወረቀቱን ወደ ደረቱ እየሳበ።

ጋሊብ ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ አንከራተተ። ያለ እሱ ገንዘብ ቤት ያልሠራ፣ ያለ እሱ ደብዳቤ ልጁን ሥራ ያላስገባ ሰው እዚያ ድንኳን ውስጥ ጥቂት ነው። ሁሉም ያውቁታል። እንዴት እንደሚሠራ አብረውት ስለበሉ ነው ያወቁት፤ ስለሚያውቁትም ነው አንገታቸውን የደፉት።

"ሼህ" አለ በመጨረሻ። ድምፁ ተለወጠ። "እርስዎ ለነፍሰ ገዳይ ዋስ የሆኑ ሰው ነዎት። ፊትዎ ለኔ ይጨክናል?"

ሼህ ሙጥለቅ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። "ሆኛለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ነፍሰ ገዳዩ ሰው ገድያለሁ ብሎ አልቅሶ ነበር የመጣው። አንተ ግን ቤቴ መጥተህ ስታዋየኝ ስለ ምዝገባው ቀን ነው ያወራኸኝ። ስለ ልጅቷ አንድ ቃል ሳትናገር ቡና ጠጥተህ ሄድክ። ያን ቀን ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር፤ አልጠየቅኩም። ፊቴን ለልጅ ልጆቼ አስቀምጫለሁ፣ ልጄ። አልሰጥህም።"

"ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ ዋስ ጠፋ?" አለች ሩብሒያ። "በግ ቢበደር የማትዋሱትን ሰው ነው አገር ስጪልን ብላችሁ ወደ ሟቿ እናት የመጣችሁት? እንዳታምኑት አድርጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ታዲያ ለምን እኔ ልመነው? ልጅ የሞተችብኝ ስለሆንኩ ነው? ወይስ አባት የለም፣ ወንድም የለም፣ ሴትዮዋ ትፈርማለች ብላችሁ ነው?"

አቡ ራኪን አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ሼሁ በከዘራቸው መሬቱን መታ አደረጉና ዝም አሰኙት። ከዚያ ጠበቃውን "ወረቀትህን መልስ" አሉት። ጠበቃው ያልተፈረመውን ወረቀት አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። የቦርሳው ዚፕ ሲዘጋ ድንኳኑ ሙሉ ሰማው።

ሽማግሌዎቹ ለመውጣት መነሳት ጀመሩ። እንዲያ በሐፍረት መውጣቱን ሳይመርጡት አልቀሩም።

"ቁጭ በሉ" አለች ሩብሒያ። "ጦሙን ከቤቴ የሚወጣ እንግዳ የለም። ዑላ፣ ማንሳፉን አውጡ።"

ቁጭ አሉ፤ ምን ያድርጉ? ትሪዎቹ በሩዝና በሥጋ ተቆልለው፣ የጀሚዱ መረቅ እየጨሰ ወጡ። ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ግራ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በየትሪው ዙሪያ ቆሙ። ነጩን ጋዋን የለበሰችው ዑላ መረቁን በየትሪው ስታፈስ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላያትም። ጋሊብ ወደ አንደኛው ትሪ ጠጋ አለ። እዚያ የቆሙት አልተነጋገሩም፣ ትከሻቸውን ግን አላነሱም፤ የሚገባበት ክፍተት አልነበረም። ወደ ሁለተኛው ሄደ። እዚያም ወንድሙ ጃሲር ጀርባውን ሰጥቶ እየበላ ነበር። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ አቡ ዚያድ እንዳላየው ሆኖ ወደ ጎን ሰፋ አለ፣ ቦታውን ዘጋው።

ሩብሒያ ወጥ ቤት ገብታ አንድ ሳህን አወጣች። ሩዝ አደረገችበት፣ ጥሩውን ሥጋ መርጣ ጨመረችበት፣ መረቅ አፈሰሰችበት፣ ከትሪው በእጅ ለማይበላ መንገደኛ እንደሚደረገው ማንኪያ ሰካችበትና ወስዳ ሰጠችው።

"ብላ" አለችው። "ከምግብ አልከለክልህም።"

ጋሊብ ሳህኑን ተቀብሎ ድንኳኑ ጥግ ብቻውን ቆሞ በላ።